ታንኳ፣ ድንኳንና መንጠቆ፦ ከጅማ ስንወጣ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ጥር ልጆቼን ይዤ ግልገል ጊቤ ሐይቅ ዳር ለማደር ስሰናዳ ያልመከረኝ ሰው የለም። ታንኳ ቀዘፋ፣ አሳ ማጥመድ፣ ድንኳን ውስጥ ማደር፤ ሁሉም ስለ ሁሉም ያውቃል። ቦታው ከጅማ ወጥቶ በአዲስ አበባ መንገድ ነው። በ1996 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት የጀመረው ግድብ ያቆረው ውሃ ነው። ምክሩ ግን ግማሹ ስህተት ሆኖ ተገኘ።

«ጉማሬ ሣር በሊታ ነው፤ ሰው አይነካም»

ሣር መብላቱ እውነት ነው። ጣጣው የሚመጣውም ከዚያ ነው። ቀን ውሃ ውስጥ ውሎ ሲመሽ በለመደው መንገድ ለግጦሽ ይወጣል። እኛ ለድንኳን የመረጥነው ለጥ ያለ፣ ሣሩ እንደ ታጨደ ያጠረ ቦታ ነበር። ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ ይሄ የምንድን ነው?» አለች። ጭቃው ላይ ባለ አራት ጣት፣ የሾርባ ሳህን የሚያህል ዱካ። በዚያ የሚያልፉ አሳ አጥማጅ አባት አዩና «ሮቢ!» አሉን። በኦሮምኛ ጉማሬ ማለት ነው። ሣሩን ማን እንዳጨደው ያኔ ገባን። ድንኳኑን ነቅለን ከውሃው ርቀን ከፍታው ላይ ተከልን። ሌሊት ሲያጓራ ሰማነው፤ ባለቤቴ ዓይኗን ሳትከድን ነጋ።

ውሃ ላይ ደግሞ ጉማሬ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ጥልቁ ነው። በእሱና በጥልቁ መሃል አትግቡ። የታንኳውን ጎን በመቅዘፊያ መታ መታ አድርጉ፤ ከስር ካለ ሰምቶ ብቅ ይላል። አፉን በሰፊው ከፈተ? እንቅልፉ መጥቶ እንዳይመስላችሁ። ዞር በሉልኝ ማለቱ ነው።

«ዋና የሚችል ላይፍ ጃኬት አያስፈልገውም»

ታንኳ ሲገለበጥ ከነጫማህ፣ ከነልብስህ ነው የምትገባው። ለመንሳፈፊያ ባዶ ጀሪካን ይበቃል የሚሉም አሉ። ይበቃል፣ ከእጅ እስኪያመልጥ። የልጅ ጃኬት በልኩ መሆን አለበት። ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ስትስቡት ጆሮው ጋ ከደረሰ ሰፍቶታል።

«ካልጠጣኸው ቢልሃርዝያ አይዝህም»

ይሄኛው ብዙ ሰው ያታልላል። ትሉ የሚገባው በቆዳ ነው። ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል፤ እግሩን የነከረ ሰው ይበቃዋል። ቀንድ አውጣው ደግሞ ሣርና ደንገል ያለበትን ዳርቻ ይወዳል። ልጆች የሚንቦጫረቁትም እዚያው ነው። ቦቲ ጫማ አድርጉላቸው። ውሃ የነካ ሰው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ይመርመር፤ በማግስቱ ቢሄድ ገና ላይታይ ይችላል።

«ክረምቱ ሰኔ ነው፤ ጊዜ አለን»

ለአዲስ አበባ ሰው ይሆናል። የጅማ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ ነው የሚያስቸግረው። ከኅዳር እስከ ጥር ሂዱ። አጎበርም ያዙ፣ ወባ አለ።

«ስንቅ ምን ያደርጋል? አሳ አለ»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ትልቅ መንጠቆ ላይ ወፍራም ትል ሰክቼ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ትሉ ተበላ፤ አሳ የለም። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው፣ ትንሽ መንጠቆ ይፈልጋል። አምባዛ ደግሞ በደንብ የሚያዘው ሌሊት ነው፤ ሌሊት ውሃው ዳር ማን እንዳለ ነግሬያችኋለሁ። ያገኘሁት መዳፍ የማያህሉ ሦስት ቆሮሶ፣ ለአምስት ሰው። ራት የበላነው ባለቤቴ «ለምናልባቱ» ብላ ከጀበናው ጎን የወሸቀቻትን ሽሮ ነው።