«ሎግ 2 ሲደመር ሎግ 3፣ ሎግ 5»፦ ሎጎችን ስንጠቀልል የምንሳሳታቸው

ሐዋሳ፣ ታቦር ተራራ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ማታ ማታ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሒሳብ አስጠናለሁ። «ወደ አንድ ሎግ ጠቅልሉ» (የሚደመሩና የሚቀነሱ ሎጋሪዝሞችን በአንድ ሎግ ጻፉ) የሚል ጥያቄ ሲመጣ ሰሌዳው ላይ የማያቸው ስህተቶች በየዓመቱ ያው ናቸው። (ቤዝ፣ ማለትም ፓወር የሚሰጠው ቁጥር፣ ካልጠቀስኩ 10 ነው።)

«ሎግ 2 + ሎግ 3 = ሎግ 5»

አብዛኛው ስህተት የሚወለደው ከዚህ ነው። ልጁ ሎግን እንደ ብርቱካን ይቆጥረዋል፦ 2 ብርቱካንና 3 ብርቱካን፣ 5 ብርቱካን። ሎግ ግን ጥያቄ ነው፦ «10 ስንት ፓወር ቢሰጠው ይህን ቁጥር ይሆናል?» ሎግ 2 ወደ 0.3010፣ ሎግ 3 ወደ 0.4771 ነው። ድምራቸው 0.7781 የ6 ሎግ ነው፤ የ5ቱ 0.6990 ነበር። ቤዛቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ቁጥሮች ሲባዙ ፓወራቸው ይደመራላ! ጆን ኔፒር በ1614 እ.ኤ.አ. ሎጋሪዝምን ያስተዋወቀው አድካሚውን ማባዛት በመደመር ለመተካት ነበር።

«ሎግ 20 ለሎግ 2 ሲካፈል ሎግ 10 ነው»

ሎግ 10 የሚሆነው ሎግ 20 − ሎግ 2 ነው፤ መልሱም 1። ሁለቱን ሎጎች ካካፈላችሁ ወደ 4.32 ታገኛላችሁ፤ ያ በቤዝ 2 የ20 ሎግ ነው።

«ከፊት ያለው ቁጥር ይቆየን»

2 ሎግ 3 + ሎግ 5ን አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ 2 ሎግ 15 ብላ ጻፈችው። 2ቱ የሎግ 3 ብቻ ነው፣ ሎግ 5ን አይነካም። አስቀድሞ 2ቱ የ3 ፓወር ይሁን፦ ሎግ 9 + ሎግ 5 = ሎግ 45። የእሷን ስንፈታው ሎግ 225 ወጣ። ሳቀችና ዳስተሩን አነሳች።

ቅነሳ ሲደራረብም እንዲሁ ነው። በሎግ 12 − ሎግ 3 − ሎግ 2 አንዳንዱ 3ን ለ2 አካፍሎ ሎግ 8 ይላል። የሚቀነሱት ሁሉ ታች ይወርዳሉ፦ 12 ለ6፣ ሎግ 2።

«1 + ሎግ 3 አይጠቀለልም»

1 ማለት ሎግ 10 ነው፤ ስለዚህ ሎግ 30። ቤዛቸው የተለያዩትን ግን እንዳሉ አትጠቅልሏቸው፤ መጀመሪያ ቤዛቸው አንድ ዓይነት ይሁን።

«ከጠቀለልን በኋላ የወጣው ሁሉ መልስ ነው»

ሎግ ሀ + ሎግ (ሀ − 3) = 1 ሲጠቀለል ሀ(ሀ − 3) = 10 ይሆናል፤ ሀ 5 ወይም −2 ነው። የተጠቀለለው ላይ −2ን ተኩ፦ (−2) × (−5) = 10፣ ሎጉ 1። ምንም አያጠራጥርም። ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስትመለሱ ግን ሎግ (−2) ይመጣል፤ 10 ደግሞ የትኛውም ፓወር ቢሰጠው ኔጌቲቭ አይሆንም። መልሱ 5 ብቻ ነው።