«ዝሆኑን አየሁት»፦ በመርከብ መጥቶ በሠረገላ ወደ ምዕራብ የሄደ አነጋገር

በአማርኛ የምናየው በዓይናችን ብቻ አይደለም። የተቸገረ ሰው «ፍዳዬን አየሁ» ይላል። ልጆቿ ሌሊቱን አንተኛም ብለው ያስቸገሯት እናት ጠዋት ለጎረቤቷ «አሳሬን ሲያሳዩኝ አደሩ» ትላለች። ብዙ ያሳለፈ አዛውንት ሲያልፍ «ስንቱን ያየ ሰው ነው» እንባባላለን። ምን እንዳየ አንዘረዝርም። ማየቱ ይበቃል።

የአሜሪካኖቹ የድሮ አነጋገር ቶሎ የገባኝ ለዚህ ይመስለኛል። ከ170 ዓመት በፊት አንድ አሜሪካዊ ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ ሲነሳ «ዝሆኑን ለማየት ነው የምሄደው» ይል ነበር። ሲመለስ፣ ከተመለሰ፣ «ዝሆኑን አይቼዋለሁ» ይላል። ዛሬም አሜሪካ ውስጥ የቤተሰቡን ታሪክ የሚያጠና ሰው የቅድመ አያቱን ደብዳቤ ሲከፍት ይህንን ቃል ያገኘው ይሆናል። ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። በካሊፎርኒያ ተራሮች ዝሆን የለማ!

ዝሆኑ የመጣው ከባሕር ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በ1795 መጨረሻ «አሜሪካ» የምትባል የንግድ መርከብ ሕንድ ካለችው ካልካታ ተነሳች። ካፒቴኗ ጃኮብ ክራውኒንሺልድ የሴለም ከተማ ሰው ነው፤ ሴለም ደግሞ ያኔ የባሕረኞች ከተማ ናት። ካፒቴኑ የሁለት ዓመት ግልገል ዝሆን በ450 ዶላር ገዝቶ ጫነ። ለወንድሞቹ ሲጽፍ፣ በዚህ ሐሳቤ ትስቁብኝ ይሆናል፣ እኔ ግን ግድ የለኝም፣ ዝሆን ነጂ እሆናለሁ አላቸው።

ናትናኤል ሀቶርን የተባለ የመርከቧ መኮንን የቀን መዝገብ ይይዝ ነበር። ቅድስት ሄሌና ደሴት ሲደርሱ የተጫነውን ጻፈ። ዱባና ጎመን፣ ለመርከቡ ሰው ትኩስ ዓሣ፣ ለዝሆኑ ቅጠላ ቅጠል። ከዚያ በትልልቅ ፊደል «ዝሆን ተሳፍሯል» ብሎ አሰፈረ። የመርከብ መዝገብ ማለት ነፋስ፣ ማዕበልና ኬክሮስ ነው። እዚህ ግን የሰውየው ልብ ሲመታ ይሰማኛል። ማንም የአገሩ ሰው ያልጫነውን ነገር ጭኗላ! ሀቶርን በ1808 ሱሪናም ላይ በቢጫ ወባ ሞተ። ያኔ ሕፃን የነበረው ልጁ አድጎ ከአሜሪካ ስመ ጥር ደራሲዎች አንዱ ሆነ። አባቱን አላወቀውም ማለት ይቻላል። የአባቱ የመርከብ መዝገብ ግን እጁ ገባ።

ዝሆኗ ሚያዝያ 13 ቀን 1796 ኒው ዮርክ ወረደች። በ10,000 ዶላር እንደተሸጠች ይነገራል። በቀጣዩ ዓመት ቦስተን ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ መግቢያው ሩብ ዶላር መሆኑን ይናገራል። ዝሆኗ የቢራ ጠርሙስ ቡሽ በኩምቢዋ እየነቀለች ትጠጣለች ይላል። ከሥር ደግሞ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ከዚህ ቀደም ብዙ ጠቃሚ ወረቀት ስላጠፋች፣ ተመልካቾች እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘው እንዳይጠጓት ይመክራል።

ቀጥላ የመጣችው ዝሆን «ኦልድ ቤት» ትባላለች። ባለቤቷ ሀካላያ ቤይሊ ከመንደር መንደር ያዞራት ነበር። ከቦታ ወደ ቦታ የምትሄደው በሌሊት ነው። በቀን ብትሄድ ገበሬው ሳይከፍል ያያታል። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ። ዝሆን ማየት ማለት ከፍሎ ማየት ማለት ነበር። አነጋገሩ ውስጥ ያለው የዋጋ ነገር ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ተረቱ። አሜሪካኖች የአነጋገሩን ምንጭ ሲጠየቁ የሚያወሩት ይህንኑ ነው። አንድ ገበሬ ዝሆን አይቶ አያውቅም። ከተማ ውስጥ ሰርከስ መጣ ሲሉት ሠረገላውን እንቁላልና አትክልት ጭኖ ወጣ፤ ሸጬ፣ በዚያውም ዝሆኑን አያለሁ ብሎ። መንገድ ላይ የሰርከሱ ሰልፍ ከፊት ለፊቱ መጣ። ከፊት የሚመራው ዝሆኑ ነው። ፈረሶቹ እንዲህ ያለ ፍጡር አይተው አያውቁም። በረገጉ፣ ሠረገላው ተገለበጠ፣ እንቁላሉ እንዳለ አለቀ። የገበሬው ልብስ በአስኳል ጨቅይቷል፣ ጎመኑ መንገድ ለመንገድ ተበትኗል። ሰው ሊያጽናናው ሲሮጥ ገበሬው ምን አለ? «ምንም አይደል፤ ዝሆኑን አይቼዋለሁ!»

አነጋገሩን ከጥንቶቹ የጦር መሪዎች ከእስክንድርና ከሐኒባል የጦር ዝሆኖች ጋር ሊያያይዙት የሚሞክሩም አሉ። እኔ አልቀበለውም። አነጋገሩ በሰፊው የተሰማው በ1830ዎቹና በ40ዎቹ፣ እዚያው አሜሪካ ነው። ያም ዘመን ሰርከስ በየመንደሩ የሚዞርበት ነው።

ቀደም ብለው ትርጉሙን ከጻፉልን አንዱ ጆርጅ ዊልኪንስ ኬንዳል የተባለ ጋዜጠኛ ነው። በ1841 ከቴክሳስ፣ ያኔ የሜክሲኮ ወደነበረችው ሳንታ ፌ ከተነሱ 300 ከሚያህሉ ሰዎች ጋር ሄደ። መንገድ ጠፋቸው፣ ተራቡ፣ በሜክሲኮ ወታደር ተማረኩ፣ እስከ ሜክሲኮ ሲቲ ተነዱ። በ1844 ባሳተመው ማስታወሻው፣ በቴክሳስ አንድ ሰው የጀመረው ነገር ካሰበው ውጭ ሲሆንበት፣ ሲበቃውና ሲሰለቸው «ዝሆኑን አየ» ይባላል ብሎ አስረዳ። በዚያ መንገድ ለተነዳ ሰው ከዚህ የተሻለ መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም።

ከዚያ ወርቁ ተገኘ። ጥር 24 ቀን 1848 ጄምስ ማርሻል ኮሎማ ላይ በሚሠራው የእንጨት መሰንጠቂያ ቦይ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ነገር አየ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደ 300,000 ሰው ካሊፎርኒያ ገባ። አነጋገሩም አብሮት ተሰደደ።

መንገዱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ባሕርና የብስ። በባሕር የሄደው የደቡብ አሜሪካን ጫፍ፣ ኬፕ ሆርንን ይዞራል። ከኒው ዮርክ ሳን ፍራንሲስኮ በዚያ በኩል ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አምስት ወርም ስምንት ወርም ይፈጃል። ነቀዝ የበላው ደረቅ ብስኩት፣ የሸተተ ውኃ፣ ድድን የሚያደማው የስኩርቪ በሽታ። በ1851 «ፍላይንግ ክላውድ» የተባለች ፈጣን መርከብ ይህንኑ መንገድ ከ90 ቀን ባነሰ ጊዜ ጨረሰችው። መንገዱን በኮከብና በካርታ ትመራ የነበረችው የካፒቴኑ ሚስት ኤሌኖር ክሪሲ ናት። አቋራጭ የፈለገ ደግሞ እስከ ፓናማ በመርከብ ይሄዳል። ከዚያ በታንኳ ወንዙን ይወጣል፣ በበቅሎ ጫካውን ያቋርጣል፣ በወዲያኛው ባሕር ዳር ሌላ መርከብ ይጠብቃል። ሲጠብቅ በወባ የቀረው ብዙ ነው።

ሳን ፍራንሲስኮ ሲደርሱ መርከበኞቹ ራሳቸው ሥራቸውን ጥለው ወደ ወርቁ ይሮጣሉ። ወደቡ ሰው አልባ በሆኑ በመቶ የሚቆጠሩ መርከቦች ተሞላ። «ኒያንቲክ» ዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ነበረች። በ1849 ከፓናማ ሰው ጭና መጣች፣ ባሕረኞቿ ተበተኑ፣ ወደ ዳር ተጎትታ መጋዘን ሆነች። በ1851 እሳት በላት። ከተማው ባሕሩን እየደለደለ ሲሰፋ ከሥር ቀረች። በ1978 ለሕንፃ መሠረት ሲቆፈር ቅሪቷ ተገኘ። በከተማው አንድ እንቁላል እስከ አንድ ዶላር ይሸጥ ስለነበር፣ ሰዎች ከባሕሩ ውስጥ ከፋራሎን ደሴቶች የባሕር ወፍ እንቁላል እየለቀሙ ያመጡ ጀመር። ያ ገበሬ ሠረገላውን እዚያ ቢገለብጠው ሀብት ነበር ያጠፋው።

በየብስ የሄደው ከሚዙሪ ተነስቶ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል በሬና በቅሎ በሚጎትተው፣ ሸራ በለበሰ ሠረገላ ይጓዛል። እዚህ ላይ ዝሆኑ በአነጋገሩ ውስጥ አካል ማውጣት ጀመረ። ገና በሜዳው ላይ ኮሌራ ሲገባባቸው «የዝሆኑን ዱካ አየነው» ይላሉ። ከመንገድ የሚመለሰው «ጅራቱን ሳይ በቃኝ» ይላል። እኔ ይህ በጣም ይነካኛል። ሰውየው ፈርቼ ተመለስኩ ማለት ይከብደዋል። ጅራቱን ማየትም ማየት ነው፤ ጎረቤቱ ፊት ቀና ብሎ ይገባበታል።

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው? «ፍዳዬን አየሁ» ይቀርበዋል፣ ግን ጎዶሎ ነው። ፍዳ ውስጥ ድንቅ ነገር የለም። የገበሬው ዓይን ማብራቱ ይቀራል። «አገር አየሁ» ካልን ደግሞ ስብራቱ ይጠፋል። ለእኔ የሚስማማው «ጉዱን አየሁት» ነው። ጉድ መከራም ነው፣ አስደናቂም ነው። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ስንል መጥፎውን ብቻ አይደለም የምንጠብቀው። ባሕርና በረሃ ተሻግረው አውሮፓ የገቡ ልጆቻችንን መንገዱ እንዴት ነበር ብላችሁ ጠይቁ። «ተወው፣ አይተነዋል» ይሏችኋል። ከዚያ ወዲያ አይናገሩም። ቃሉ ይለይ እንጂ ነገሩ ያው ነው። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነታቸው ሲነሳም የአሜሪካ ወታደሮች ለመጀመሪያው የውጊያ ቀን ይህንኑ ቃል ወሰዱት። ያልተዋጋው ዝሆኑን ገና አላየም።

ባሕሩንም ምዕራቡንም በአንድ ዕድሜ ያየ ሰው ጥሩ ብትሉኝ ጆሴፍ ጎልድስቦሮ ብራፍን እጠራለሁ። በ1804 ዋሽንግተን ከተማ ተወለደ። ዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ገብቶ በዱኤል፣ ሁለት ሰዎች በመሣሪያ በሚገጥሙበት ፍልሚያ፣ ጣጣ ወጣ። ገና በወጣትነቱ መርከብ ላይ ተቀጥሮ ባሕር ለባሕር ዞረ። ተመልሶ ንድፍ ሠሪ ሆነ። መንግሥት ቤት ቁጭ ብሎ የምዕራቡን ካርታ ይገለብጥ ነበር። ሌሎች የረገጡትን ተራራ እሱ በቀለም ይስለዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ሰውን እንዴት እንደሚያንገበግብ መገመት አያቅትም። በ1849 ከ60 በላይ ሰው ያለበት ማኅበር አቋቁሞ፣ መሪ ሆኖ፣ ተነሳ።

መንገድ ላይ ማስታወሻ ይጽፋል፣ ይስላል። የሞቱትን መንገደኞች የመቃብር ጽሑፍ ሳይቀር እየቆመ ይገለብጣል። ሰሜን ካሊፎርኒያ ተራራ ላይ ሲደርሱ በሬዎቹና በቅሎዎቹ ደከሙ፣ በረዶም መጣ። ብራፍ ዕቃውን እጠብቃለሁ ብሎ ቀረ። ጓደኞቹ ወደ ሸለቆው ወረዱ፤ የመራቸውን ሰው ሊወስድ የተመለሰ ማኅበር የለም። ክረምቱን ሙሉ እዚያው በረሃብ አሳለፈው። አንድ መንገደኛ ትንሽ ልጁን እመለሳለሁ ብሎ ትቶበት ሄዶ ነበር። ሕፃኑ በ1850 የመጀመሪያ ቀን ሞተ። ብራፍ ቀበረው፤ በመቃብሩ እንጨት ላይ የልጁን ስም ጽፎ፣ አባቱን «አባትነት የሌለው አባት» የሚል ቃል አሰፈረበት። የስንቱን የመቃብር ጽሑፍ ሲገለብጥ የመጣ እጅ አሁን ራሱ የመቃብር ጽሑፍ ጻፈ።

በሚያዝያ በእግሩ እየተጎተተ ወረደ፣ ተረፈ። ከዚያም በኋላ የወርቅ ሐይቅ አለ ሲባል ተከትሎ ተራራ ወጣ። ሐይቁ አልተገኘም። በ1851 በፓናማ በኩል፣ በመርከብ፣ ባዶ እጁን ዋሽንግተን ገባ።

ባዶ እጁን ስል ወርቅ አልያዘም ማለቴ ነው። ደብተሮቹና ሥዕሎቹ አብረውት ነበሩ። ተመልሶ በገንዘብ ሚኒስቴር በንድፍ ሠሪነት ተቀጠረ፤ በ1889 እስኪሞት በዚያው ከተማ ኖረ። ደብተሮቹ በሕይወቱ ሳለ በመጽሐፍ አልወጡም። የወጡት በ1944 ነው።