ሊኑክስን በኔትወርክ ላይ ማስተዳደር፦ የትምህርቱ መንገድ

ሊኑክስ የምንጭ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ስርዓተ ክወና ነው። ከርነል የሚባለውን እምብርቱን የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረገው፤ አብረውት ከሚሠሩት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ካስታወቀው የግኑ ፕሮጀክት የተገኙ ናቸው። በ2017 መጨረሻ በወጣው የዓለም 500 ፈጣን ኮምፒውተሮች ዝርዝር ውስጥ በሊኑክስ የማይሠራ አንድም አልነበረም። ደቢያን፣ ኡቡንቱና ሬድ ሃት የዚሁ ስርዓት ስርጭቶች፣ ማለትም ከርነሉንና መሣሪያዎቹን አንድ ላይ አዘጋጅተው የሚያቀርቡ ጥቅሎች ናቸው። ጀማሪዎች «የትኛውን ልምረጥ?» እያሉ ብዙ ጊዜ ያባክናሉ፤ አንዱን በደንብ ያወቀ ሰው ሌላውን ለመልመድ እምብዛም አይቸገርም።

ትምህርቱ በአንድ ኮምፒውተር ይጀመራል እንጂ በአንድ ኮምፒውተር አያልቅም። ቢያንስ ሁለት ማሽኖች መነጋገር አለባቸው። ለዚህም መጠነኛ ላፕቶፕ ይበቃል፤ በላዩ ሁለት ሦስት ቨርቹዋል ማሽኖች (በሶፍትዌር የተፈጠሩ ኮምፒውተሮች) ይነሣሉ፣ ለእያንዳንዳቸው አድራሻ ይሰጣል፣ ከዚያም ሆን ተብሎ ይበላሻሉ።

ችሎታ የሚለየው «ኢንተርኔት የለም» የሚል አቤቱታ ሲመጣ ነው። መጀመሪያ ገመዱ፣ ቀጥሎ የማሽኑ አድራሻ፣ ከዚያ ኔትወርኮችን የሚያገናኘው ራውተር ይፈተሻል። ሩቅ ያለ ሰርቨር (ለሌሎች ኮምፒውተሮች አገልግሎት የሚሰጥ ማሽን) በቁጥር አድራሻው ፒንግ ሲደረግ፣ ማለትም «አለህ?» የሚል አጭር መልእክት ሲላክለት፣ እየመለሰ በስሙ ሲጠራ ግን ካልተገኘ፣ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ መታየት ያለበት ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የያዘ ተማሪ ሰርቨሩን በጭፍን እያጠፋ አያበራም።

ሰርቨር ከሩቅ የሚተዳደረው ግንኙነቱን በሚያመሰጥረው በኤስኤስኤች ነው። ፊንላንዳዊው ታቱ ኡሎነን በ1995 የሠራው በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች ከተሰረቁ በኋላ ነበር፤ ቴልኔት በተባለው የቀድሞ የሩቅ መግቢያ የሚላክ የይለፍ ቃል መስመሩን ለጠለፈ ሰው እንዳለ ይነበባልና። ኤስኤስኤች ለተማሪ ጥብቅ አስተማሪ ነው። በይለፍ ቃል ፈንታ ለመግቢያ የሚያገለግለው ሚስጥራዊ ቁልፍ፣ እሱም ፋይል ነው፣ ሌሎች ተጠቃሚዎች ሊያነቡት በሚችሉበት ፈቃድ ከተቀመጠ አልቀበልም ይላል። ፈቃድ በሦስት አኃዞች ይጻፋል፤ በተራ ለባለቤቱ፣ ለቡድኑና ለሌሎች። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ሆነው ይደመራሉ፤ ስለዚህ 600 ማለት ባለቤቱ ብቻ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ለሌላው ዝግ ነው ማለት ነው። ቁልፉ 600 ሲሆን በሩ ይከፈታል። የፋይል ፈቃድን ከዚህ አሳምሮ የሚያስረዳ ልምምድ አላውቅም። ችግር በገጠመ ቁጥር 777 ብሎ ሁሉን ለሁሉም መክፈት ግን ከመጀመሪያው ቀን ሊነቀል የሚገባው ልማድ ነው።

የኔትወርክ ግንኙነትን የሚፈቅደውና የሚከለክለው ፋየርዎልም እንዲሁ በስህተት ይለመዳል። ከሩቅ ገብቶ ፋየርዎሉን ሲያበራ ኤስኤስኤች የሚጠቀምበትን ወደብ 22 (በቁጥር የሚለይ የግንኙነት መግቢያ) መፍቀድ የረሳ ሰው በገዛ እጁ በሩን ይዘጋል። ይህ በቨርቹዋል ማሽን ላይ ቢደርስ ይሻላል።

ኢንተርኔት ውድና ዘገምተኛ በሆነበት ላብራቶሪ ደግሞ አንድ የምር ጠቃሚ ሥራ አለ፦ ማሻሻያዎችን አንዴ አውርዶ ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች የሚያካፍል ሰርቨር ማቆም። የዲስክ ቦታ፣ ፈቃድ፣ አድራሻና ፋየርዎል በአንድነት ይፈተኑበታል፤ ጥቅሙም ያን ቀን ይታያል።

በምስክር ወረቀት በኩል፣ በ1999 የተቋቋመው የሊኑክስ ሙያ ተቋም የመጀመሪያ ደረጃውን በሁለት ፈተናዎች ይሰጣል። የሬድ ሃት ፈተና ግን ምርጫ ማጥቆር የለበትም፤ ተፈታኙ በሚሠራ ማሽን ላይ የታዘዘውን ይፈጽማል። ለዚህ ሙያ የሚመጥነው እንዲህ ያለው ይመስለኛል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራም የተሠራው ሁሉ ያለማንም እርዳታ ተነሥቶ መገኘት አለበት።