«ባለ 2 ኪሎ ኬክ» ማለት ምንድን ነው? ለስንት ሰውስ ይበቃል?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ኬክ ሊያዝ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ባለ ስንት ኪሎ ይሁን?» የሚል ነው። ኪሎ ግን የሚነግረን ክብደቱን ብቻ ነው፤ ድግስ ላይ የሚፈለገው ደግሞ የቁራጩ ብዛት ነው። ባለ 2 ኪሎ ኬክ 12 ሰው አብልቶ ሊያልቅ ይችላል። ያው ኬክ በአግባቡ ሲቆረጥ 24 ሰው ያዳርሳል፣ ማንም ቅር ሳይለው። ስለዚህ ከማዘዛችን በፊት ማወቅ ያለብን ኬኩ ምን ያህል ስፋትና ቁመት እንዳለውና ቢላዋው እንዴት እንደሚሄድበት ነው።

ኪሎና ስፋት

ስኳር ውሃ የጠጣ፣ በመሃሉና በላዩ ክሬም ያለበት ስፖንጅ፣ ማለትም በተለምዶ ቶርታ የምንለው፣ አየር የበዛበት ነው። አንድ ሊትር ውሃ የሚይዝ ዕቃ በቶርታ ቢሞላ ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይርቅም። በዚህ ስሌት ቁመቱ 8 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ ቶርታ፣ ከዳር እስከ ዳር 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ወደ ኪሎ ተኩል ይጠጋል፣ 25 ከሆነ 2 ኪሎን ትንሽ ያልፋል፣ 30 ከሆነ 3 ኪሎ ግድም ይሆናል።

በቅቤ የተሠራው ደረቅ ኬክ ግን ሌላ ነው። ጠጣር ስለሆነ 2 ኪሎው ከዳር እስከ ዳር 20 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ይቀራል። ያልለመደ ሰው አይቶ «አነሰ» ይላል፤ ክብደቱ ግን አልጎደለም፣ ቁራጩም ቶሎ ያጠግባል። ላዩ በስኳር ሊጥ፣ ማለትም በፎንዳንት፣ የሚለበጥ ኬክም እንዲሁ ነው። ልባሱ ከባድ ስለሆነ ከኪሎው ድርሻውን ይወስዳል፣ ብዙ ልጆች ደግሞ ልጠው ሳህኑ ላይ ይተዉታል። ስለዚህ ስታዝዙ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ከዳር እስከ ዳር ስንት ነው? ቁመቱስ? ኪሎው ልባሱንና ጌጡን ይጨምር እንደሆነም አብራችሁ አጣሩ።

ብዙ ሰው የሚታለልበት አንድ ስሌት አለ። ከ20 ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ማደግ በግማሽ መጨመር ይመስላል፤ እውነቱ ግን ኬኩ ከእጥፍ በላይ ነው የሚያድገው። ሁለት ባለ 20 ክብ ኬኮች ተደምረው አንድ ባለ 30 አያክሉም። አራት ማዕዘኑም ተመሳሳይ ስፋት ካለው ክብ ከሩብ በላይ ይበልጣል፣ ለመቁረጥም ይቀላል።

አንድ ቁራጭ ስንት ነው?

ለልደት፣ ለክርስትና፣ ለምርቃት ወይም ለአቂቃ 4 በ5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ በቂ ነው። ቁመቱ 8 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ክብደቱ 90 ግራም አካባቢ ይመጣል። ከድፎ ዳቦው፣ ከፈንዲሻውና ከለስላሳው ጋር የሚቀርብ ስለሆነ ይህ ስስት አይባልም።

ሰርግ ላይ ኬኩ የሚቆረጠው ሰው ምሳውን በልቶ ከጠገበ በኋላ ነው። ስለዚህ 2.5 በ5 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፣ 55 ግራም ያህል። ሰርገኛው ሙሽሮቹን «አፌን አጣፈጥኩላችሁ» ሊል ነው እንጂ ሊጠግብበት አይቀርብም።

ባለ 20 ክብ ኬክ 16 ትልልቅ ቁራጭ ይወጣዋል፣ ባለ 25 ደግሞ 24፣ ባለ 30 ደግሞ 36። በሰርጉ ልክ ከተቆረጡ 25፣ 39 እና 56 ገደማ ይሆናሉ። ሦስቱ ተደራርበው ባለ ሦስት ደረጃ ሲሆኑ 120 ይደርሳሉ፤ ነገር ግን ድጋፍ ዘንጎቹ የገቡበት ቦታ ስለሚበላሽ 110 ብሎ መያዝ ይሻላል። ከደረጃዎቹ አንዱ ለዕይታ ብቻ ከፎም የተሠራ ከሆነም ከቁጥሩ ይውጣ። 30 በ40 የሆነ ትሪ ኬክ 60 ቁራጭ አለው፦ በ30ው ጎን በየ5 ሳንቲ ሜትሩ 6፣ በ40ው ጎን በየ4 ሳንቲ ሜትሩ 10። እሱ ግን ከ5 ኪሎ ያልፋል።

ኬክ የሚያልቀው ቢላዋው ላይ ነው

የአብዛኛው ድግስ ኬክ የሚያጥረው ትንሽ ስለታዘዘ አይደለም። ችግሩ ክቡን ኬክ ከመሃሉ ጀምሮ በሦስት ማዕዘን መቁረጡ ነው። ባለ 25ቱን በዚህ መንገድ 24 ቦታ ለመክፈል ብትሞክሩ እያንዳንዱ ቁራጭ 12.5 ሳንቲ ሜትር ይረዝምና ዳሩ ላይ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሰፋል። ጫፉ ይሰበራል፣ ሳህን ላይ አይቆምም፣ ይወድቃል። ቆራጩም ይህን ሲያይ ያሰፋዋል፣ ኬኩም 12 ቦታ ተከፍሎ ያልቃል። ግማሹ ሰው ሁለት ሰው የሚበቃ ቁራጭ ይዞ ይቀመጣል፣ ግማሹ ባዶ ሳህን ያያል።

መፍትሔው የቀለበት አቆራረጥ ነው። ባለ 25ቱን ኬክ ከዳሩ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብታችሁ፣ ቢላዋውን ቀጥ አድርጋችሁ ዙሪያውን ቁረጡ። መሃሉ ላይ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትንሽ ክብ ይቀራል። ውጪውን ቀለበት መጀመሪያ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት፣ ለስምንት፣ በመጨረሻም ለ16 ክፈሉት። በዓይን ግምት «4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል» እያሉ ከመቁረጥ ይልቅ እየደጋገሙ ለሁለት መክፈል አያሳስትም። የመሃሉን ክብ እንደ ተለመደው በሦስት ማዕዘን ለ8። በድምሩ 24 ይሆናል፣ መጠናቸውም እኩል ነው ማለት ይቻላል። ባለ 20ው 12 ከዳር፣ 4 ከመሃል ይወጣዋል። ባለ 30ው ሁለት ቀለበት አለው፦ 20፣ 12፣ መሃሉ 4።

ቢላዋው ረጅምና ቀጭን ይሁን። ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ፣ ከእያንዳንዱ ቁራጭ በኋላ መድገም ነው። የክሬም ቅሪት የያዘ ቢላዋ ስፖንጁን እየጎተተ ይፈረፍረዋል፣ የፈረሰ ቁራጭ ደግሞ ለእንግዳ አይቀርብም፤ ከቁጥሩ ተቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ልደተኛው የመጀመሪያውን ቁራጭ ከቆረጠና ፎቶው ከተነሣ በኋላ ኬኩ ወደ ጓዳ ይግባና እጇ የተፈተነ አንዲት ሴት ትያዘው። ማይክ የያዘ ሰው እየተናገረ፣ ሕፃናት ጠረጴዛውን ከብበው ኬክ በልኩ አይቆረጥም።

አሁን የመጣው ፋሽን፣ ቀጭንና ረጅም ኬክ፣ የራሱ ጣጣ አለው። 15 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 16 ቁመት ያለው ኬክ ላይ እስከ ታች ቢቆረጥ ቁራጩ 190 ግራም ይሆናል፣ ከሳህኑም ይወድቃል። አጋማሹ ላይ በስስ ካርቶን የተለየ እንዲሆን እዘዙ፤ የላይኛው ይነሣና እንደ ሁለት ኬክ ይቆረጣል።

እንግዳውን መቁጠር

በወሎ ድግስ የተጠራ ሰው ብቻውን አይመጣም፣ ይህ ደግሞ የሚያስከፋ ነገር አይደለም። የልደተኛው ጓደኛ ታናሽ ወንድሙን ይዞ ይመጣል፣ የጎረቤት ልጅ በሩ ላይ ከቆመ ግባ ይባላል፣ ላልተመቻት አክስት በሳህን ይላካል። ይህን አስቀድሞ ቁጥር ውስጥ ማስገባት ነው።

ለምሳሌ ኮምቦልቻ ውስጥ 30 ሕፃናትና 14 አዋቂዎች የሚጠበቁበት ልደት እንውሰድ። አዋቂው አንድ አንድ፣ 14። ሕፃኑ ግማሽ ግማሽ፣ 15። ለጎረቤት የሚላክ 5። ድምሩ 34 ነው፤ ለድንገተኛ እንግዳ ከ10 አንድ ሲጨመርበት 37 ወይም 38። ባለ 30 ክብ ኬክ 36 ስለሚሆን ትንሽ ያንሳል። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ያጌጠ ኬክ ፈልጎ ወደ 4 ኪሎ መሄድ የለብንም። ያጌጠ ባለ 25 ለጠረጴዛው፣ ጌጥ የሌለው ባለ 20 ደግሞ በቀጥታ ለጓዳው ማዘዝ ነው። 24 እና 16፣ 40 ቁራጭ፣ 3 ኪሎ ተኩል። ሁለተኛው ጽሑፍም አበባም የለበትምና ዋጋው ላይ መነጋገር ይቻላል።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ ምርቃት ሰሞን፣ በደሴውም በኮምቦልቻው ግቢ፣ ኬክ ቤቶች ስለሚጨናነቁ የሚፈለገው ስፋት የሚጋገርበት ዕቃ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ያኔ «በኪሎው ልክ በሌላ ቅርጽ ይሁን?» ሲባሉ ሰዎች ዝም ብለው ይስማማሉ። መስማማቱ ምንም አይደለም፣ ቁራጩን እንደገና ማስላት እንጂ።

ጾመኛው፣ ሶመኛውና ልኩ

በእኛ ከተሞች አንድ ጠረጴዛ ላይ ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው መቀመጣቸው ወግ ነው። ድግሱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለ፣ ወይም በዐቢይ ጾምና በፍልሰታ ከሆነ፣ ኬኩን ለሁለት ከመክፈል ሁሉንም የጾም ማድረግ ይሻላል፤ ሁሉም ይበላዋልና። ሁለት ዓይነት ከታዘዘ አንዱ ተርፎ ሌላው ያልቃል። የጾም ኬክ ግን እንቁላል ስለሌለው ብዙ አይነፋም፣ ቶሎም ይፈረፈራል። በኪሎ ሲታሰብ ትንሽ ይመስላል፣ 2.5 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከተቆረጠም ይበተናል። ስለዚህ ለሰርግም ቢሆን በ4 በ5 አስሉት።

ረመዳን ላይ ኬኩ ከኢፍጣር በኋላ ነው የሚቀርበው። ሰው ቴምሩን፣ ሾርባውንና ሳምቡሳውን ይዟልና ትንሹ ቁራጭ ይበቃል። ክሬሙ ወይም ጄሊው ጄላቲን ካለበት ከምን እንደተሠራ፣ ብላክ ፎረስት ከሆነ ደግሞ አልኮል ገብቶበት እንደሆነ ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የማይበላ ቁራጭ የቱንም ያህል በትክክል ቢሰላ ዋጋ የለውም።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ቤት ውስጥ ለሚጋግር ሰው ይህ ልዩነት አለው፦ በባሕር ወለል ላይ ለሚጋገር ኬክ የተጻፈ አሠራር ደሴ ላይ ኬኩን በፍጥነት ያነፋዋል፣ ከዚያ መሃሉ ይሰምጣል። ለማስተካከል አናቱ ሲቆረጥ ቁመቱ ከ8 ወደ 5 ሊወርድ ይችላል፣ የቁራጩም ክብደት አብሮ ይወርዳል። ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ መቀነስ ጥሩ መነሻ ነው።

ደሴ አዝዞ ኮምቦልቻ የሚደግስ ደግሞ የሐረጎን ጠመዝማዛ ማሰብ አለበት። ቁልቁለቱን ሲወርድ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፣ ክሬሙ ይላላል፣ ኩርባው ላይ ረጅም ኬክ ያጋድላል። ለዚህ መንገድ ዝቅ ያለና ሰፊ ትሪ ኬክ ይመረጣል። ባለ ደረጃ ከሆነ ደረጃዎቹ ለየብቻ ካርቶን ውስጥ ገብተው ቦታው ላይ ይደራረቡ። ካርቶኑን ጭን ላይ አትያዙት፣ ጭን ዘንበል ያለ ነው፤ የመኪናው ወለል ላይ፣ ከሥሩ እርጥብ ፎጣ ተነጥፎ ይቀመጥ።

ከማዘዛችሁ በፊት የፍሪጃችሁን መደርደሪያ በሜትር ለኩ። ባለ 30 ኬክ ከነካርቶኑ 35 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ብዙ የቤት ፍሪጅ ጥልቀቱ ለዚህ አይበቃም፣ በሩ አልዘጋ ይላል። ካልገባ ሁለት ትናንሾችን እዘዙ፣ ወይም ኬኩን ከመቆረጡ ከሁለት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ አስመጡት፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ክሬም ከዚያ በላይ ውጭ መቆየት የለበትም።