የደሴ ቤትና የእሳት ሙቀት

ደሴ በደቡብ ወሎ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 401 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ጦሳ ተራራና አዝዋ ገደል አቅፈዋታል፤ የቦርከና ወንዝም በመሃሏ ይወርዳል። ብርዷ የታወቀ ነው። ቤትን በእንጨትና በከሰል ማሞቅ እዚህ የእለት ተእለት እውቀት ቢሆንም፣ ሰብሰብ አድርጎ የጻፈው ሰው ብዙ አይገኝም። ይህ ዳሰሳ በአብዛኛው የተሰበሰበው ከቤተሰብ፣ ከጎረቤትና ከብየዳ ቤቶች ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁል ይወርድና 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ያርፋል። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚለያይ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ4 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ። ሐረጎን ሲወርዱ ጃኬት የሚወልቀው ለዚህ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ስለ ቤት ማሞቅ ማውራት ቀልድ ይመስላል። የኮምቦልቻ ሰዎች በዚህ ይኩራሩ፤ እኛ ግን እሳት ዳር የሚጣጣም ጨዋታ አለን።

የደሴ ብርድ ሁለት ዓይነት ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል፣ ቀን የተጠራቀመው ሙቀት ሌሊቱን ወደ ላይ ያመልጣል። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። የክረምቱ ደግሞ እርጥብ ነው። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደጃፍ ይደርሳል፤ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ሙሉ ገመድ ላይ ይከርማል።

ምድጃው መሃል ላይ በነበረ ጊዜ

የድሮው የወሎ ደጋ ቤት ክብ ነው። ግድግዳው ድንጋይ ወይም እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያው ሣር። ምድጃው ቤት መሃል ነበር፤ ሦስት ጉልቻ፣ ዙሪያው መደብ። በአንድ በኩል ከብቶች ያድራሉ፤ ትንፋሻቸውም ሙቀት ነው። ቆጥ ያለው ቤት ደግሞ ልጆቹን እላይ ያስተኛል። ሙቅ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቆጡ ላይ የተኛ ልጅ ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀው ነበር። ጭሱም በሣሩ ውስጥ እየሾለከ ይወጣል፣ እግረ መንገዱንም ጣሪያውን ከነፍሳት ይጠብቃል። ለዓይንና ለሳንባ ግን መጥፎ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም።

በዚያ ቤት ሙቀት የማዳረስ ጥያቄ አልነበረም፤ ክፍሉ አንድ፣ እሳቱም አንድ ነው። ወፍራሙ የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይመልሳል።

የንጉሥ ሚካኤል ዘመን ደሴን የወሎ ዋና ከተማ አደረጋት፤ ቆርቆሮና ባለብዙ ክፍል ቤትም ቀስ በቀስ ተስፋፋ። ጣሊያን ሠራቸው ከሚባሉ ቤቶች በአንዱ፣ ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ የእሳት ቦታ ከነጭስ ማውጫው አይቻለሁ። አሁን የጫማ መደርደሪያ ሆኗል። ማስጌጫነቱ ባይካድም፣ ክፍት የግድግዳ እሳት ከእንጨቱ ጉልበት ለክፍሉ የሚሰጠው አንድ አስረኛውን ያህል ነው። ሌላው በጭስ ማውጫው ሽው ብሎ ይሄዳል፤ ክፍሉ ውስጥ የነበረውንም የሞቀ አየር ይዞት ይወጣል።

እሳቱ ከቤት ሲወጣ

ትልቁ ለውጥ ማድ ቤት ነው። ጭሱን ለመሸሽ ምድጃው ከዋናው ቤት ተለይቶ ጓሮ ተሠራ። ሳሎኑ ንጹሕ ሆነ፣ ኮርኒሱም ጥቀርሻ አጣ። ብርዱ ግን ገባ። የደሴ ቤት ከዚያ ወዲህ ማሞቂያ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ያለው የማብሰያ እሳት ነው፤ እሱም ውጭ ነው። እሳቱ ደግሞ ብዙ ይቆያል። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ባቄላና ሥጋ ቶሎ አይበስሉም። ያ ሁሉ ሙቀት ጓሮ ይቀራል።

መፍትሔው ማንደጃ ሆነ። ሙቀቱን በክፍሎቹ ከማዳረስ ይልቅ እሳቱ ራሱ ከክፍል ክፍል እየተሸከሙት ይዞራል። እናቴ የምታደርገውን ልንገራችሁ። ከሰሉን ደጅ ታቀጣጥላለች። ከታች ጭራሮ፣ ከላይ ከሰል፤ ፌስታልና ላምባ አትነካም፣ «ቡናው ይሸተኛል» ትላለች። በሰፌድ ታራግበዋለች። መጀመሪያ ይጨሳል፣ ቀጥሎ ይንጣጣል፣ ትንታጉ ይፈናጠራል። ሰማያዊ ነበልባል እስካለ ድረስ አይገባም። ጥቁሩ ጠፍቶ ከላይ ነጭ አመድ ሲለብስ ብቻ በሁለት እጇ ይዛው ትገባለች። መጀመሪያ ሳሎን፤ ቡናው ይፈላል፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። የወሎ ቡና ዱዓ ስላለበት ይረዝማል፤ በርግጥ ከቡናው ይልቅ ሰው የሚሰበስበው ሙቀቱ ነው የሚሉም አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ከበረካ በኋላ የተረፈው ፍም አመድ ይለብስና ወደ መኝታ ክፍል ይሄዳል፤ አልጋው ሲሞቅ ይወጣል።

«ይወጣል» የሚለው ቃል ሊሰመርበት ይገባል። ከሰል ነጭ አመድ ቢለብስም ካርቦን ሞኖክሳይድ ማመንጨቱን አያቆምም። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መፍዘዝ ነው ምልክቱ። በር ዘግቶ ከማንደጃ ጋር የተኛ ሰው ላይነቃ ይችላል። አንዳንዱ አጠገቡ ውሃ በሳህን ያስቀምጣል። ውሃው አየሩን ያረጥባል እንጂ ጋዙን አይወስድም። መስኮት መክፈት ብርዱን ያስገባል፤ ቢሆንም ሳይከፍቱ መቀመጥ አይገባም።

ላቀች የሚባለው የተሻሻለ የከሰል ምድጃ ውስጡ በሸክላ ስለተለበጠ ሙቀት ይይዛል፣ ከሰልም ይቆጥባል። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃም ከክፍት ጉልቻ አንፃር የእንጨት ፍጆታን በግማሽ ያህል ይቀንሳል ይባላል። ሁለቱም የተሠሩት ለማብሰል ነው። ላቀች ሙቀቱን ወደ ድስቱ ስለሚሰበስብ፣ ዙሪያው የተቀመጠ ሰው ከድሮው የቆርቆሮ ማንደጃ ያነሰ ነው የሚሞቀው። የከሰል ወጪ ቆጥበህ እግርህ ይበርዳል።

እንጨቱ

ደሴ ላይ የሚነደው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎም ያልቃል። ጥድ ይንጣጣል። ወይራ ከባድ ነው፤ ፍሙ ይቆያል፣ ግን ብርቅ ሆኗል፤ አሁን በአብዛኛው ለማጠኛ ነው የሚፈለገው። ከሰሉ ከቆላ ይመጣል፤ የግራር ከሰል ይመረጣል።

ገበያ ላይ ሁለት ፍልጥ አንስታችሁ አጋጩ። ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ እርጥቡ «ዱብ» ይላል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ያን ውሃ ለማትነን የሚጠፋው ሙቀት እናንተን አያሞቅም።

ቱቦ ያለው ምድጃ

በቅርብ ዓመታት አንዳንድ ቤቶች ከበርሜል ወይም ከወፍራም ላሜራ ምድጃ ማስበየድ ጀምረዋል። ከቀሩት መንገዶች ሁሉ ሙቀትን ለቤቱ የሚያዳርሰው ይሄ ነው። በሩ ስለሚዘጋ አየሩ ይመጠናል፤ በደንብ የተሠራ ከሆነ ከእንጨቱ ጉልበት ከግማሽ በላይ ለቤቱ ይሰጣል።

ቦታው ላይ ሰው ይሳሳታል። ዘመዳችን ሳሎኑ ጥግ፣ የውጭ ግድግዳ አጠገብ አስተከለ፤ ከቤቱ ይልቅ ጎረቤቱን አሞቀ። መሃል ግድግዳ አጠገብ ቢሆን፣ ቱቦውም በቀጣዩ ክፍል ተዘዋውሮ ቢወጣ፣ ሁለቱም ክፍሎች ይሞቃሉ። ቱቦው ግን ቶሎ ቶሎ መጠረግ አለበት፤ እርጥብ እንጨት ውስጡን በሬንጅ መሰል ጥቀርሻ ይደፍነዋል፣ እሱም ይቀጣጠላል። ከእንጨት ማገርና ከኮርኒስ መራቅ አለበት።

ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ሙቀት ለማሻገር በር መክፈት ብቻውን አይበቃም። ሙቁ አየር ከላይ ይከማቻል፤ የበሩ መቃን ያግደዋል። ከበሩ በላይ ትንሽ ክፍተት መተው ይረዳል። መብራት ካለ አንድ ትንሽ ቬንትሌተር ወለሉ ላይ አድርጎ፣ ከመኝታ ቤት ወደ ምድጃው እንዲነፍስ ማዞር ነው። ግራ የሚመስል ነገር ነው፤ ግን ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ መግፋት ይቀላል፤ የሄደበትን ቦታ ሙቁ አየር ከላይ ዞሮ ይሞላዋል።

ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ግን ምንም ብታደርጉለት አይሞቅም። አቡጀዴም ይሁን ማዳበሪያ ይወጠርበት። አያቴ ከመብራትም፣ ከምድጃም በፊት የምታሠራው ኮርኒስ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማዋ ሲደርስ መብራት ጠፋ፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ የለመደውም ሁሉ ወደ ከሰል ተመለሰ።

ኮንዶሚኒየም ሌላ ጣጣ አለው። ጓሮ የለም። ከሰሉ ኮሪደር ላይ ይቀጣጠላል፣ ጭሱ በደረጃው ይወጣል፣ አራተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ «ኧረ በአላህ!» ብላ ትጮኻለች። ማንደጃዋን ይዛ ልታቀጣጥል ራሷ ስትወርድ ግን ታገኟታላችሁ።