የንግድ ማኅበራት ሕጋዊ ኃላፊነትና ሕግ ተገዢነት በለውጥ ዘመን፦ የሰሜን ሸዋ ዳሰሳ

በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን የሚሠሩ የንግድ ማኅበራት (ኩባንያዎች) በሠራተኞቻቸው፣ በአበዳሪዎቻቸው፣ በአካባቢያቸው ነዋሪና በመንግሥት ፊት ያለባቸው ሕጋዊ ኃላፊነት የሚመነጨው በመላ አገሪቱ ከሚሠሩት ሕጎች ነው። ይሁን እንጂ ዞኑ ፋብሪካ ሲተከልበት፣ ድርጅቶች ከአንዱ ባለቤት ወደ ሌላው ሲዛወሩበት፣ ጦርነት ሲደርስበትና የንግድ ሕጉ ራሱ ሲለወጥበት የቆየ በመሆኑ፣ ሁኔታዎች ሲለወጡ ግዴታው በማን ላይ ይቀራል የሚለው ጥያቄ እዚህ ደጋግሞ ይነሣል። ይህ ዳሰሳ በአብዛኛው የተዘጋጀው በነጋሪት ጋዜጣ ከታወጁት ሕጎች ተነሥቶ ስለሆነ፣ ሕግ በብዛት የወጣባቸው ዘመናት ሰፋ ያለ ቦታ ይዘዋል። ፍቼን ማዕከሉ ያደረገው የኦሮሚያ ሰሜን ሸዋ ዞን ግን በዚህ ውስጥ አልተካተተም።

የዞኑ መዲና ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ የተቆረቆረች ጥንታዊት ከተማ ናት። ዘመናዊ የኩባንያ ሕግ ከመምጣቱ በፊት በሸዋ የጋራ ኃላፊነት አስተሳሰብ እንግዳ አልነበረም። አፈርሳታ ወይም አውጫጪኝ በሚባለው ሥርዓት የአካባቢው ሰው በአንድነት ተሰብስቦ ወንጀለኛውን እንዲያወጣ ይገደድ፣ ካላወጣም በጋራ ይቀጣ ነበር። ይህን የዛሬው የድርጅት ኃላፊነት ቀዳሚ አድርጎ የሚያይ አለ፤ ንጽጽሩ ግን ሩቅ ነው፤ ምክንያቱም አፈርሳታ ሰዎቹን እንጂ ከሰዎቹ የተለየ የሕግ ሰውነት ያለውን፣ ማለትም በራሱ ስም መብትና ግዴታ የሚኖረውን አካል አይጠይቅም ነበር።

የ1952ቱ ሕጎች

መሠረቱ የተጣለው በ1952 ዓ.ም. በወጡት በፍትሐ ብሔር ሕጉና በንግድ ሕጉ ነው። የመጀመሪያውን ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ዣን ኤስካራ ጀምሮት እርሱ ሲሞት አልፍሬድ ዦፍሬ አርቅቀውታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2129 የሕግ ሰውነት የተሰጠው ማኅበር ወኪሉ ወይም ደመወዝ የሚከፍለው ሠራተኛው ሥራውን ሲያከናውን ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። የፋብሪካ መኪና በጣርማበር ቁልቁለት ላይ ሰው ቢጎዳ ተጎጂው ሾፌሩን ብቻ ሳይሆን ማኅበሩንም መክሰስ የሚችለው በዚህ መነሻ ነው። አንቀጽ 2069 ደግሞ መርዛማ ወይም ፈንጂ ነገር የሚያከማችን፣ ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋን፣ ወይም እጅግ አደገኛ የኢንዱስትሪ ሥራ የሚሠራን ሰው፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል።

የንግድ ሕጉ በበኩሉ የአክሲዮን ማኅበር ዳይሬክተሮች ግዴታቸውን ባለመወጣታቸው ለማኅበሩ በአንድነትና በተናጠል ኃላፊ እንደሚሆኑ በአንቀጽ 364 ደነገገ። ከዚህ ኃላፊነት የሚድነው ጥፋት የሌለበት፣ ተቃውሞውንም ወዲያውኑ በቃለ ጉባኤ መዝገብ አስጽፎ ለኦዲተሮች ያሳወቀ ዳይሬክተር ብቻ ነበር። ይህ ትንሽ የሚመስል ድንጋጌ በተግባር ከብዙዎቹ የበለጠ ክብደት ነበረው። በብዙ ቦርዶች ዘንድ የተለመደው ጸሐፊው ከስብሰባው ቀናት በኋላ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» የሚል ቃለ ጉባኤ አትሞ ለፊርማ ማዞሩ ነው። በስብሰባው ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተቃወመው አባልም አብሮ ይፈርማል፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን የሚነበበው ወረቀቱ እንጂ የዚያን ዕለቱ ክርክር አይደለም።

በደርግ ዘመን አዋጅ ቁጥር 26/1967 72 ኩባንያዎችን ሙሉ በሙሉ ወርሶ በሌሎች 29 ኩባንያዎች መንግሥት አብላጫውን ድርሻ እንዲይዝ በማድረጉ፣ የግል ማኅበራት ኃላፊነት የሚለው ጉዳይ ለ17 ዓመታት ያህል በአመዛኙ ሥራ ፈትቶ ቆይቷል።

የባለቤትነት ዝውውርና ሠራተኛው

ከ1984 ዓ.ም. በኋላ የመንግሥት የልማት ድርጅቶች በአዋጅ ቁጥር 25/1984 ራሳቸውን ችለው እንዲተዳደሩ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ ግል እንዲዛወሩ ተደረገ። ከዝውውር በፊት የነበረ ዕዳ ለገዢው ይተላለፋል ወይስ ከሻጩ ጋር ይቀራል የሚለው ነጥብ ብዙ ጊዜ በሽያጭ ውሉ ይዘት ላይ የሚንጠለጠል ሆኖ አከራካሪነቱ አልተቋረጠም። የሠራተኛው ጉዳይ ግን አከራካሪ ሊሆን አይገባም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ሆነ እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 23 ድርጅት ከሌላ ጋር ቢቀላቀል፣ ቢከፋፈል ወይም ባለቤትነቱ ቢተላለፍ የሥራ ውል እንደማይቋረጥ በግልጽ አስቀምጠዋል። አዲሱ ባለቤት «እኔ አልቀጠርኋችሁም» ብሎ የአገልግሎት ዘመንን ከዜሮ ለመጀመር የሚያቀርበው ክርክር ከዚህ ድንጋጌ ጋር አይሄድም።

የወንጀል ኃላፊነት

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 34 ድርጅት ራሱ ሊቀጣ እንደሚችል ይደነግጋል። ለዚህም ከኃላፊዎቹ ወይም ከሠራተኞቹ አንዱ ከድርጅቱ ሥራ ጋር በተያያዘ፣ የድርጅቱን ጥቅም ሕገ ወጥ በሆነ መንገድ ለማራመድ በማሰብ፣ ሕጋዊ ግዴታውን በመጣስ ወይም ድርጅቱን ያለአግባብ መሣሪያ በማድረግ ወንጀል የፈጸመ መሆን አለበት። ድርጅቱ መቀጣቱ ግለሰቡን ነጻ አያወጣውም። ቅጣቱ በአንቀጽ 90 መሠረት ገንዘብ ነው፤ ወንጀሉ በቀላል እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ እስከ 10,000 ብር፣ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ እስከ 20,000 ብር፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ከሆነም እስከ 50,000 ብር ይደርሳል። እነዚህ መጠኖች ሕጉ በወጣበት ጊዜ ትርጉም ነበራቸው፤ ዛሬ አንድ መካከለኛ ፋብሪካ ለአንድ ጭነት ከሚከፍለው ብዙም አይበልጡም። ስለዚህ የንግድ ማኅበር የሚፈራው ገንዘቡን ሳይሆን ከቅጣቱ ጋር ሊታዘዝ የሚችለውን እገዳ፣ መዘጋት ወይም መፍረስ ነው። አንቀጹ የመንግሥት አስተዳደር አካላትን የማይመለከት ሲሆን፣ የመንግሥት የልማት ድርጅቶች በዚህ ውስጥ ይካተታሉ ወይ በሚለው ላይ የተለያዩ አስተያየቶች ይሰማሉ።

የፋብሪካዎች ከተማና የበሬሳ ወንዝ

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በተቋቋመው የብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ትታወቅ የነበረችው ደብረ ብርሃን በአጭር ጊዜ ውስጥ ከአገሪቱ ዋና ዋና የኢንዱስትሪ ከተሞች ተርታ ተሰልፋለች። የሐበሻና የዳሸን ቢራ ፋብሪካዎች፣ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክና በርካታ የግል ፋብሪካዎች ለዚህ ምስክር ናቸው፤ በምንጃር ሸንኮራም የአረርቲ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይገኛል። የሐበሻ ቢራ አክሲዮን ለሕዝብ የተሸጠ በመሆኑ፣ አስተማሪውና ነጋዴው ባለአክሲዮን ሆኖ የቦርድ ተጠያቂነትን በጠቅላላ ጉባኤ አዳራሽ ለማየት ችሏል።

ዕድገቱ ዕዳም አለው። በከተማዋ አጠገብ የሚያልፈው የበሬሳ ወንዝ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ የሚፈስ ሲሆን፣ ከታች ያለው ገበሬ ከብቱን የሚያጠጣውና ጎመኑን የሚያለማው በዚሁ ውኃ ነው። የፋብሪካ ፍሳሽ ጉዳይ ለብዙ ጊዜ ቅሬታ ሲቀርብበትና የተመራማሪዎች ጥናት ሲካሄድበት ቆይቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ ጉዳዩ በቀጥታ እንደሚነካው ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ክስ እንዲመሠርት ይፈቅድለታል። ይህን ያህል የተከፈተ በር በሌሎች ሕጎቻችን ውስጥ ብዙም አይገኝም፤ የሚገባበት ሰው ግን ጥቂት ነው።

ጦርነቱና ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል

ሚያዝያ 2012 ዓ.ም. የኮቪድ-19 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና ደንብ አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳይቀንሱ ገደብ ጣለባቸው። ብዙም ሳይቆይ በ2013 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ አጣዬ ተቃጠለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ እስከ ደብረ ሲና ደረሰ። ደብረ ብርሃን አልተያዘችም፤ ይልቁንም ተፈናቃዩን ተቀብላ አስጠልላለች። በሕግ ዐይን ግን ይህ አለመያዝ የራሱን ጥያቄ አስነሥቷል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውንና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚከለክለውን ነገር ነው። አንቀጽ 1793 የእርስ በርስ ጦርነትንና የባለሥልጣን ክልከላን በምሳሌነት ይጠቅሳል። መጋዘኑ የተዘረፈበት የሸዋ ሮቢት ነጋዴ ይህን ለማስረዳት አይቸገርም። ማሽኑ ሳይነካ መንገዱ ስለተዘጋበት ብቻ ለደሴ ደንበኛው ዕቃ ያላደረሰው የደብረ ብርሃን አምራች ግን መፈጸም አለመቻሉን እንጂ መፈጸም መክበዱን ብቻ ካስረዳ አይድንም። መንገዱ የተከፈተበትን ቀን ተከትሎ ግዴታው እንደገና ነፍስ ይዘራል የሚለው አቋም ሚዛን የሚደፋ ይመስላል።

በሠራተኛ በኩል ያለው መንገድ የበለጠ የተጠረገ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ10 ተከታታይ ቀናት ላላነሰ ጊዜ ሥራን የሚያስቆም ከአቅም በላይ የሆነ ችግር ወይም በአሠሪው ጥፋት ያልመጣ የገንዘብ ችግር ሲያጋጥም የሥራ ውል ለጊዜው እንዲታገድ ይፈቅዳል። አሠሪው ግን ምክንያቱ በተፈጠረ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ ባለሥልጣን በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት፤ ባለሥልጣኑም በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልወሰነ እንደተፈቀደ ይቆጠራል፤ እገዳውም ከ90 ቀን አይበልጥም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠብበው። ሥራ አስኪያጁ በዚያ ግርግር በስልክ ተነጋግሮ፣ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፎ ሠራተኛውን ይበትናል፤ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ የገቢ ማኅተም የሚመታበት ግን ወር አልፎ ነው። ለባለሥልጣኑ በጽሑፍ ሳይታወቅ የተደረገ እገዳ ደግሞ ሕገ ወጥ ስንብት ተብሎ ሊከሰስበት ይችላል። የኢንሹራንስ ፖሊሲም ቢሆን በተለምዶ ጦርነትን ከሽፋን ውጪ የሚያደርግ በመሆኑ፣ ብዙዎች ያላነበቡትን ገጽ ያነበቡት ንብረታቸው ከወደመ በኋላ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭትም እነዚሁኑ ጥያቄዎች መልሶ አንሥቷቸዋል።

አዲሱ የንግድ ሕግና የብሩ ዋጋ

በጦርነቱ ወቅት፣ በ2013 ዓ.ም.፣ አዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ወጣ። ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበርንና የኩባንያዎች ቡድንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቀ ሲሆን፣ ለተቸገረ ነጋዴም ከኪሳራ በፊት መልሶ የመደራጀት ዕድል ሰጥቷል። በአንድ ሰው የሚቋቋም ማኅበር በዞኑ ነጋዴዎች ዘንድ ተወዳጅ መሆኑ አያስገርምም። አደጋው ያለው ነጋዴው የማኅበሩን ሒሳብ ከግል ኪሱ ሳይለይ ሲቀር ነው፤ እንዲህ ሲሆን የተወሰነ ኃላፊነት የሚለው ጥበቃ ይነሣና አባሉ በግል ንብረቱ ይጠየቃል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ ጥሬ ዕቃ ከውጭ የሚያስገቡ ፋብሪካዎች በቀድሞ ዋጋ የፈረሟቸውን ውሎች ይዘው ቀሩ። አንዳንዶች ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ነው ብለው ለመከራከር ቢሞክሩም፣ አንቀጽ 1794 የጥሬ ዕቃ ዋጋ መውጣት መውረድንና ግዴታን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣትን፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ከዚህ ውጪ አድርጓቸዋል። አንቀጽ 1764ም ውሉ ለአንዱ ወገን ከበደ ተብሎ በዳኛ እንደማይሻሻል ይናገራል። የቢራ ገብስ ከባሶና ወራና ገበሬ በውል ለሚገዛው ፋብሪካም ሆነ ለገበሬው፣ መፍትሔው የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ከመጀመሪያው በውሉ ማስገባት ብቻ ነው። በመንግሥት ሥራ ውል ላይ ያለው አስተዳደራዊ ሕግ ትንሽ የላላ ነው።

ፍርድ ቤትና ይርጋ

በአማራ ክልል የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች ስላልተቋቋሙ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት ደብረ ብርሃን የሚያስችለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን፣ ባሕር ዳር ያለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርበው ይሠራሉ። ቋሚ ነገረ ፈጅ ያለው ማኅበር ጥቂት ስለሆነ፣ ብዙዎቹ ጠበቃ የሚፈልጉት መጥሪያ ሲደርሳቸው ነው። ከውል ውጪ ለደረሰ ጉዳት የሚቀርብ ክስ በ2 ዓመት፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል የሠራተኛ ጥያቄ ደግሞ በ3 ወር በይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያው ጊዜ በማለፉ፣ ይታገዳል። ይርጋውን ተከሳሹ ራሱ ማንሣት አለበት እንጂ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1856 መሠረት ዳኛው በራሱ አነሣሽነት አያነሣለትም። ተፈናቅሎ የቆየ ሠራተኛም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ጊዜው እንዳለፈበት ካስረዳና ምክንያቱ በተወገደ በ10 ቀን ውስጥ ክሱን ካቀረበ ሊሰማ ይችላል፤ ለአጣዬና ለሸዋ ሮቢት ሰዎች ምክንያቱ የተወገደው መንገዱ የተከፈተ ዕለት ነው ወይስ ቤታቸው የተመለሱ ዕለት የሚለውን በየመዝገቡ ማስረዳት የሠራተኛው ሸክም ነው።