«ክላውድ» ሲባል ፎቶሾፕ ኢንተርኔት ላይ ይሠራል ማለት ነው?

ጥያቄው ስለተደጋገመ ልመልሰው፤ አይደለም። የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሙን ፎቶሾፕን የሚሠራው ኩባንያ አዶቢ ወደ «ክሪኤቲቭ ክላውድ» ሲዞር በ2013 እ.ኤ.አ. የለወጠው አሻሻጡን ነው። ፎቶሾፕ ዛሬም ኮምፒውተራችሁ ላይ ይጫናል፤ በኢንተርኔት የሚጣራው ክፍያችሁ ነው።

ድሮ ሲኤስ6 የተባለውን የፎቶሾፕ ስሪት አሜሪካ ውስጥ በ699 ዶላር አንዴ ገዝቶ እስከፈለጉ መጠቀም ነበር። ከዚያ በዓመት ውል በወር 20 ዶላር ገደማ ሆነ፤ የቤት ኪራይ በሉት። ሦስት ዓመት ሳይሞላ የድሮውን ዋጋ ታልፋላችሁ፤ ግን አዲስ ስሪት ሲወጣ ሌላ አትከፍሉም። ኩባንያውም መጀመሪያ ተጎድቷል፦ ባንዴ ይገባ የነበረው ገንዘብ በየወሩ መንጠባጠብ ሲጀምር የ2013 ገቢው ከቀደመው ዓመት ወረደ።

መክፈል ስታቆሙ ፕሮግራሙ ይቆለፋል፤ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያስቀመጣችሁት ፋይል ግን የእናንተው ነው። ይህ እርግጥ ነው። ዋጋውና ውል ሲፈርስ የሚቆረጠው ገንዘብ እንደ ዕቅዱና እንደ አገሩ ይለያያል። «ዓመታዊ፣ በየወሩ የሚከፈል» የሚለውን በደንብ አንብቡት፤ ብዙ ሰው እንደ ወርሃዊ ውል የሚቆጥረው እሱን ነው።